ያላጠፋ

መዝገቡ እኔ ጋ ነው፣ በእጄ የጻፍሁት፣
ምስጥ ጠርዙን ቢበላም፣ መሐሉን ያተረፍሁት።

በመለባር ዳርቻ፣ ወንዝ ከባሕር በሚገጥምበት፣
ሚናራ የሌለው መስጊድ፣ ጣሪያው ሦስት ደርብ ያለበት፤
ከላይኛው መስኮት የናስ መብራት ተሰቅሎበት።

ኢምቢቺ ቢቪ ናት ወቅፉን ያቆመችው፣
ባሏን ባሕር የበላባት፣ ከደጇ ፊት እያየችው፤
ወደቡን አጥቶ፣ በጨለማ ሲዞር፣
ስትጠራው አድራ ያላገኘችው።

ሰነዱ እንዲህ ይላል፦
«የአርባ ኮኮናት ዛፍ ዘይት፣
በዚህ መስኮት ይንደድ፣ እስከ ቂያማ ዕለት።
ያጠፋው ሰው ቢኖር፣ ከሳሹ እኔ ነኝ በአላህ ፊት።»

መቶ ዓመት ነደደ።
አቫራን ሲያረጅ ልጁ፣
ልጁም ሲያረጅ የልጅ ልጁ፣
ዘይት በእጁ፣ ክር በእጁ።

ወንዝ ግን ማንበብ አያውቅም።
በአንድ ክረምት ሞልቶ፣ አሸዋውን ሰንጥቆ፣
አፉን ወደ ደቡብ ወሰደው፣ ሺህ እርምጃ አርቆ፤
ከመስኮቱ ትይዩ አለት ቀረ፣ ከውኃ በታች ተደብቆ።

የመንደሩ ዓሣ አጥማጅ ያውቃል፤ የደሴት ሰው ግን አያውቅም፣
መብራት የለመደ ዓይን መብራትን አይጠረጥርም።
ሦስት ጀልባ ተሰበረ።
በሦስተኛው አንድ ልጅ፣ ራሱን በገመድ ከምሰሶው ያሰረ፣
ከነምሰሶው መጥቶ፣ ከመስጊዱ ደረጃ ሥር አደረ።

ጉዳዩ ከቃዲ ኩንሃላን ፊት ቀረበ።
የወቅፉ ባለአደራ፣ ቢራን ሐጂ፣ ኪታብ ገልጦ አነበበ፦
«የዋቂፍ ቃል እንደ ሸሪዓው ቃል ነው፤ አይሻር፣ አይነካ።
ዛሬ ይህ ከተነካ፣ ነገ ምን ይቀራል የማይነካ?»

ቃዲው መልስ አልሰጠም። «ጀልባ ፈልጉልኝ» አለ።
ሌሊቱን ባሕር ገባን፤ እኔ ሳስታውክ፣ እሱ ዝም እንዳለ፣
ሰነዱን ከጉያው አውጥቶ ወደ ዳርቻው አየ፤
መብራቱ ና ይላል፤
ና ያለበት ወደብ ግን ከሄደ ቆየ።

«የሚነበበው ከዚህ ነው» አለኝ፣ «ከባሕር ላይ።
መቶ ዓመት ሙሉ ያነበብነው ከየብስ ላይ።
ዘይቱ ያው ነው፣ ክሩም ያው፤ ሰው ግን ይሞታል።
ሥራ በኒያ ነው፤ ኒያዋ ዘይት ማቃጠል ነበር ማን ይላል?
ፊደሉ መንገድ ነው፤ መቅሰዱ ነፍስ ነው፤
መንገድ ገደል ካደረሰ፣ መንገድ ነው የምንለው?»

ጎህ ሳይቀድ፣ በሰማንያ ዓመቱ፣ መሰላሉን ወጣ፣
ክሩን በሁለት ጣቱ ጨመቀው፤ ጢስ ብቻ በመስኮት ወጣ።
«ኢምቢቺ» አለ፣ ጣቱን እየነፋ፣
«ያጠፋሁት እንዳላጠፋ ነው፤
ያላጠፋ ነው ያጠፋ።»

በፍርዱ ግርጌ ስፈርም እጄ ተንቀጥቅጧል፤
ያን እርግማን የጻፈው የአያቴ አባት ነው፤ ቀለሙ በደሜ ይዞራል።
የዚያን ማታ መንደሩ አልተኛም፤ ሴቶች በየደጁ ቆመው፣
መስኮቱን አዩት፣ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ዘመድ፣ ስሙን መጥራት ፈርተው።

ዘይቱ ወደ ደቡብ ሄደ፤ በአዲሱ አፍ ምሰሶ ቆመለት፣
ጀልባም ገባበት።
ቢራን ሐጂ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ከቃዲው ኋላ አልሰገደም፤
ቃዲውም «ፍርሃቱ የእኔም ነው» ከማለት በቀር አልፈረደም።

በኅዳጉ አስጻፈኝ፦ «ወንዙ ሲመለስ፣ መብራቱ ይመለስ።»
ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ልኬት ብቻ ነው፤
በየዓመቱ፣ ዝናብ ሲያባራ፣ በቀርከሃ እየለካሁ፣
አፉ የት እንዳለ እጽፋለሁ።

ዘንድሮ አርባ እርምጃ ወደ ሰሜን መጥቷል።
ናሱ ተወልውሏል።